የዐርቡ መረቅ

ሥርዓትን ለታይታ የሚጠብቅና ሕሊናውን የጣለ ሰው፣ በመጨረሻ የሚያጋልጠው ያው የሚኮራበት ሥርዓት ነው። በደቡብ ጣሊያን፣ በካላብሪያ ተራሮች ላይ በምትገኘው በሮካሞራ የሆነው ይህንኑ ያረጋግጣል። ሮካሞራ ለአራት መቶ አባወራ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ ጎረቤቱን የማያማ ምእመን ግን በአንዱም ውስጥ አይገኝም።

ሆሣዕና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጾሙ ዐርብ ጠዋት፣ የቅዱስ ፎካ ማኅበር አለቃ ኮዚሞ ፌራንቴ በአልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ከአጠገቡ ከሰሉ ዐመድ የሆነበት ማንደጃ ነበር። ያገኘችው የሟች ልጁ ሚስት ኢሬኔ ናት፤ ከሰሜን፣ ከቶሪኖ መጥታ ያገባች፣ ባሏ ከሞተም በኋላ አማቷን ስትጦር የኖረች ሴት። የከተማው ሐኪም ከበሩ ላይ ሆኖ አየና «የከሰል ጭስ ነው» ብሎ ወደ ቁርሱ ተመለሰ። ሕዝቡ ደግሞ ማንደጃውን ያስገባችው ያች ባዕድ ናት ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ከጸና ኢሬኔን የሚጠብቃት ወህኒ ነበር።

መርማሪው ባስቲያኖ ሴርኪ በሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ደረሰ። እሱ እንደ ሐኪሙ ከበር አልቆመም። በከሰል ጭስ የሞተ ሰው ፊት ይቀላል፤ የኮዚሞ ፊት ግን ጠቁሮ ነበር፤ በጥርሶቹ መካከልም የትራስ ሱፍ ተገኘ። ሰውዬው ታፍኖ ሞቷል፤ ማንደጃው የገባው ለማታለያ ነው። ቀጥሎ መርማሪው ወደ መስኮቱ ሄደ። ንፋስ እንዳያስገባ ዙሪያውን የተለጠፈው ወረቀት በቢላ ተሰንጥቋል።

«ይህን ወረቀት የለጠፈው ማን ነው?» ሲል ኢሬኔን ጠየቃት።

«እኔ ነኝ ጌታዬ፣ በኅዳር። ንፋሱ ደረታቸውን ያማቸው ነበር።»

«ዛሬ መስኮቱን ከፍተሻል?»

«አልከፈትኩም። የሰደቡኝም ለዚሁ ነው።»

እውነቷን ነበር። በሮካሞራ ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ይከፈታል፣ ተመልሳ እንዳትገባም ወዲያው ይዘጋል። ኢሬኔ ይህን አታውቅም ነበር፤ ለቅሶ የመጡት ሴቶችም ከሟቹ ይልቅ ስለ መስኮቱ ሲያለቅሱ አረፈዱ።

የቤቱ ቁልፍ ከኢሬኔ ሌላ በሁለት ሰዎች እጅ ነበር። አንደኛው ከሰል የሚያቀርበው ደወል ደዋዩ ኒኖ ነው፤ ኮዚሞ ከፋሲካ በኋላ ሊያባርረው ዝቶ ነበር። ኒኖ ጥላቻውን አልደበቀም።

«ጠልቼዋለሁ፣ ምን ይደበቃል። ግን እኔ ገድዬው ቢሆን ኖሮ የሞቱን ደወል እንዲያ አሳምሬ አልደውልለትም ነበር» አለ።

ሁለተኛዋ የሟቹ እኅት ዶና ፊሎሜና ናት። መቁጠሪያዋን ይዛ በለቀስተኞቹ ራስ ተቀምጣለች። የአለቅነት ምልክት የሆነው የማኅበሩ የብር በትር፣ አለቃው ወራሽ ሳይሰይም ከሞተ፣ ለቅርብ ወንድ የሥጋ ዘመዱ ለልጇ ለቪቶ ይደርሳል። ኮዚሞ ግን በሆሣዕና ዕለት አንድ ፍየል ጠባቂ ሊሰይም እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሴርኪ ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ትልቅ ድስት ከፍቶ አሸተተ፤ ሥጋውን በጭልፋ ነካ አድርጎም መረቁን አደነቀ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች ፊሎሜና። «በሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ መረቅ ከዘመድ ነው የሚመጣው። ደወሉ ከተደወለ ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ነበርኩ። እስቲ ከእኔ የቀደመ ካለ ይናገር።»

«ሥጋው እንደ ቅቤ ነው። የጫጩት መሆን አለበት።»

«የምን ጫጩት! ለሐዘን የሚታረደው ያረጀች ዶሮ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ካልፈላ እንጨት ነው የሚሆን። የከተማ ሰው ምን ታውቁና።»

«ምናልባት ለቤትዎ ጥደውት ይሆናል።»

«በጾም ዐርብ? ለሐዘንተኛ ካልሆነ በቀር በዚህ ቀን ሥጋ በድስቴ ገብቶ አያውቅም። ስልሳ ዓመት ሙሉ።»

ሴርኪ ድስቱን ከደነ። ኒኖን፣ ኢሬኔንና ቪቶን ለቀስተኞቹ ወዳሉበት ወደዚያው ክፍል አስጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ገዳዩ መስኮቱን ለነፍስ ከፍቶ ዘግቷል» አለ። «ኢሬኔ ይህን ልማድ አታውቀውም፤ የሰደባችኋት እናንተ ናችሁ ምስክሮቿ። ስለዚህ ገዳዩ የዚህ አገር ሰው ነው፣ ቁልፍም አለው። ቀሪዎቹ ሁለት ናቸው።»

«ይኸው፣ ወደ እኔ መጣ» አለ ኒኖ።

«ቆይ። ደወሉ የተደወለው አንድ ሰዓት ላይ ነው። መረቁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ደርሷል። አራት ሰዓት ሙሉ ከፈላ፣ የተጣደው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም ነው። በጾም ዐርብ ደግሞ ለሐዘንተኛ ካልሆነ አይጣድም። ዶና ፊሎሜና፣ በዚያ ሰዓት ሮካሞራ ውስጥ ሐዘንተኛ አልነበረም። ኮዚሞ መሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የገደለው።»

ቪቶ እናቱን አየና አንድ እርምጃ ራቅ አለ። ፊሎሜና ግን አላለቀሰችም፤ አልካደችምም።

«በትሩን ለፍየል ጠባቂ ሊሰጥ ነበር» አለች። «ቢሆንም ለወንድሜ ሥርዓቱን አላጎደልኩበትም። መስኮቱን ከፍቼለታለሁ፤ መረቁም በሰዓቱ ደርሷል።»

በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶቹ፣ ማፈሪያዎቹ፣ በዚህ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ማኅበሩ ደንቡን ትቶ፣ ሟቹ እንዳሰበው፣ በትሩን በሆሣዕና ለፍየል ጠባቂው አስረከበ። ፍርድ ቤቱ በፊሎሜና ላይ የሃያ አራት ዓመት እስራት ፈረደባት፤ በዘጠነኛው ዓመት ወህኒ ቤት ውስጥ ሞተች። የክፍሏ መስኮት የሚከፈት ዐይነት አልነበረም።