ከገደል የወጣው ወንበር

ይህ ተረት አይደለም። ከራሱ ከኑርዬ አፍ የሰማሁት፣ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እሱ ግን ዛሬም ሲያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ድፍን ቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ።

ቦታው ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ጠመዝማዛ በታች... ገደሉ ውስጥ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ጎረምሳ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ።

ኑርዬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ መኪና ይጠግናል። አንድ እግሩን ስለሚያነክስ ለውትድርና አልተፈለገም። ታናሹ ጠሃ ግን ሄደ። ወደ ሰሜን እንደተጫነ ወሬው ጠፋ። አሁን ተራው የመጨረሻው ልጅ፣ የሰላሀዲን ነበር።

እናታቸው ኑርሀያት እህል አልበላም ብላ ተኛች።

"ጠሃን ሰጠሁ" አለች። "ይሄንንም ከወሰዱብኝ በቁሜ ቅበሩኝ።"

ኑርዬ ውጫሌ ድረስ ሄዶ ጓድ አሻግሬ የሚባለውን ሹም ለመነ። ጓድ አሻግሬ ሰማውና በጣቱ ወደ ግቢው ጥግ ጠቆመ። እዚያ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ቆማለች። ሣር በቅሎባታል። ዶሮ ታቅፋባታለች።

"ቅዳሜ በራሷ ጎማ መጥታ እደጄ ትቁም። ያን ጊዜ ወንድምህን ረዳት መካኒክ ነው ብዬ አስቀረዋለሁ።"

"ካልሆነስ ጓድ?"

"ካልሆነማ እሁድ ሌላ መኪና ይመጣለታል።"

ኑርዬ ላንድሮቨሯን በጭነት መኪና አስጎትቶ ሐይቅ አስገባት። ጎረቤቱ ሀምዱ ሲያያት በሳቅ ፈረሰ።

"ኑርዬ! ሬሳ ማንሳት ጀመርክ እንዴ?"

"ዱዓ አድርግልኝ ሀምዱ፤ ሳቁን ተወው።"

"ወላሂ ይቺ ከተነሳችማ ሰደቃ እኔ አበላለሁ!"

ሞተሯ ደህና ነበር። ሌላው ሁሉ ግን የለም ማለት ይቀላል። ራዲያተሯ ወንፊት ሆኗል፤ የፍሬኑን ፖምፓ ዝገት በልቶታል፤ ከሹፌሩ ጎን ያለው በርና ወንበር ጭራሽ የሉም። በዚያ ዘመን መለዋወጫ ከየት ይመጣል?

ከገደሉ።

ከጠመዝማዛው ሥር የእሷው ዓይነት አንዲት ላንድሮቨር ወድቃ ነበር። የሹፌሩ የወልዴ ናት። ወልዴ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። የሙት ንብረት ያለ ፈቃድ አይነካምና ኑርዬ መጀመሪያ ወደ ሚስቱ ወደ እትዬ አሰገደች ሄደ።

"ውሰድ ልጄ፣ ፈቅጃለሁ" አለችው። "ብቻ... ቀትር ላይ እዚያ እንዳትገኙ።"

ወንድማማቾቹ በጠዋት ወረዱ። ፖምፓውን ፈቱ፣ ራዲያተሩን ፈቱ፣ በሩን ፈቱ። የወንበሩ ብሎን ግን ዝጎ እንቢ አለ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይነክሳል። ሳያውቁት ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ወጣች።

"በቃ እንብላና እንጨርሰዋለን" አለ ኑርዬ። ቂጣውን ፈታ። ዝንቡ ወረራቸው።

ቀና ሲል... አንድ ሰው የወልዴ መኪና አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ሲመጣ አላዩትም። ድንጋይ ሲንከባለል አልሰሙም።

እንግዲህ የወሎ ሰው ምግብ ይዞ ሰው ካየ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም። ይጠራል።

"አሰላሙ አለይኩም! ና ወንድሜ፣ እንብላ!"

ሰውየው ሰላምታውን አልመለሰም። ክርስቲያን ይሆናል ብሎ ኑርዬ አለፈው። መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እጁን ወደ ቂጣው ዘረጋ።

ያን ጊዜ ዝንቡ ሁሉ ተነስቶ ሄደ።

"ወዴት ነህ?" አለው ኑርዬ።

"ወደ ቤቴ ነበር... መኪና አጣሁ።"

"ከጠዋት ጀምሮ?"

"ቆየሁ።"

ኑርዬ ሳቀ። መንገደኛ ማሳዘን አይችልበትም። "እንግዲያው አብሽር! ይሄን ወንበር እማገጥምላት መኪና አለችኝ። ቅዳሜ ስናልፍ እናሳፍርሃለን።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ሰውየው ማኘኩን ተወ። ቀስ ብሎ ሰላሀዲንን አየው። ከራሱ እስከ እግሩ።

"ይህኛውስ?" አለ። "ይህኛው የት ይቀመጣል?"

"እሱ ወጣት ነው፣ የትም ይሆናል" አለ ኑርዬ፣ እየሳቀ።

ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረ። የመጨረሻው ብሎን፣ እንደዚያ ሲያስቸግር የዋለው... በጣቱ ሲነካው ወለቀ።

መለስ ሲል ሰውየው የለም።

ሰላሀዲን ቂጣው ላይ አፍጥጦ ቀርቷል።

"ጋሼ..." አለ በሹክሹክታ። "ቢስሚላህ አላለም።"

"ክርስቲያን ነዋ።"

"በስመ አብም አላለም።"

"አቦ ተው! ረስቶት ይሆናል።"

"ሲበላ አይተነዋል አይደል? ቂጣውን እየው።"

በሰውየው በኩል ያለው ቂጣ ጠርዙ እንኳ አልተነካም ነበር።

ወንበሩን ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ሲፈቱት የቀለለ መስሏቸው የነበረው ወንበር ሲወጡ ወገብ ይቆርጥ ነበር።

በማግሥቱ ወንበሩን ገጠሙት። ኑርዬ የዛገውን የሽቦ ሞላ አውጥቶ አዲስ ገለባና ጆንያ ጠቀጠቀበት፤ ቆዳውን ወጥሮ ሰፋው። ከበሮ አስመሰለው።

ጠዋት ሲመጣ ወንበሩ መሐሉ ጎድጉዷል። ሰው ተቀምጦበት እንዳደረ።

እንደገና ሞላው። እንደገና ጎደጎደ።

መኪናዋ ፀሐይ ላይ ውላ ሁሉ ነገር እንደ ምጣድ ሲፋጅ፣ ያ ወንበር ብቻ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። በእሱ በኩል ያለው መስኮትም ከውስጥ ጉም ይለብሳል። ኑርዬ በጨርቅ ይጠርገዋል... ዞር ሲል ጉሙ ይመለሳል።

ሐሙስ እትዬ አሰገደች የባሏን መኪና እቃ ለማየት መጣች። በሩን በመዳፏ ዳበሰች። ወንበሩን ስታይ ግን እጇን ሰበሰበች።

"የወልዴን ወንበር ነው ያመጣኸው... ወይስ ከጎኑ ያለውን?"

"ከጎኑ ያለውን ነው እትዬ። ምነው?"

"ወልዴ እኮ ብቻውን አልነበረም። መንገድ ላይ እጁን ያነሳ አንድ ሰው አሳፍሮ ነበር አሉ። ወልዴን አንስተን ቀበርነው። ያን ሰው ግን ገደሉን ሙሉ ቢፈልጉት አጡት። ስሙን የሚያውቅ የለ፣ አገሩን የሚያውቅ የለ። ማንም አላለቀሰለትም።"

ኑርዬ ከወንበሩ ራቅ አለ።

"እትዬ... ሰው ቀትር ላይ እዚያ ቃል ቢሰጥ..."

"ለማን?"

ኑርዬ ወንበሩን ሊፈታው መፍቻ አነሳ። ብሎኖቹ ግን ለዓመታት እንደዛጉ ሆነው ነከሱ። ቢመታቸው፣ ዘይት ቢያጠጣቸው፣ ቢሰድባቸው... ወይ ፍንክች። ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል። እናቱ በየሰዓቱ ብቅ እያለች "ትነሳለች ልጄ?" ትለዋለች። "ኢንሻአላህ እማ" ይላታል።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሞተሩ ተነሳ። በመጀመሪያው ምት። ሰፈሩ እልል አለ፤ ሀምዱ ሳይቀር ጨፈረ። ኑርዬ ወንድሙን ፈለገ። ሰላሀዲን መኪናዋ ውስጥ ነው፤ ከኋላ፣ የመፍቻው ሣጥን ላይ ተኮራምቷል።

"ምነው ፊት አትቀመጥም?"

ሰላሀዲን ግራ ተጋብቶ አየው። "እንጃ ጋሼ... የተያዘ መሰለኝ።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሼኽ ጠርተው ቁርዓን አስቀርተው ተነሱ። ሰላሀዲን ከኋላ ነው። የፊቱ ወንበር ላይ ማንም የለም። ኑርዬ ግን መኪናዋ ወደዚያ ጎን እንደምታዘነብል በመሪው ይሰማዋል።

ከቀትር በፊት ጠመዝማዛውን አልፌ እሄዳለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። መንገድ ላይ ግን የበግ መንጋ ዘጋው። ከዚያ ጎማ ተነፈሰ። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ...

ሞተሩ ጠፋ።

ፀሐይዋን ማየት አላስፈለገውም።

"ሰላሀዲን! ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፣ ቶሎ!"

የሰላሀዲን እግር አስፋልቱን ሲረግጥ ሰማ። ኑርዬ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን አየ፤ ውሃው ሙሉ ነው። ሽቦውን አየ፤ ደህና ነው። ቁርዓን የሚያውቀውን ያህል እየቀራ ኮፈኑን ዘጋ። በዚያ በኩል ያለው በር ቀስ ብሎ ተከፍቶ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማ።

ገብቶ ሲያይ ሰላሀዲን ፊት ተቀምጧል።

"እንሂድ" አለ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ኑርዬ እፎይ አለ። "ዛሬስ ደፈርክ! ድንጋዩን አነሳኸው?"

"እንሂድ።"

ሰላሀዲን መኪና ሲነሳ ቢስሚላህ ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን አላለም። ኑርዬ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። የሰላሀዲን ግንባር ግን ደረቅ ነበር።

ደንግጦ ነው አለ ለራሱ። ልጅ ነው፣ ደንግጦ ነው።

ውጫሌ ሲገቡ ጓድ አሻግሬ ወጥቶ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ሳቀ። የኑርዬን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ።

"አንተ ነህ ረዳቱ? ስምህ ማን ነው?"

ልጁ ሹሙን ትኩር ብሎ አየው።

"ስምህን ነው የምልህ!"

ያ ልጅ ወደ ኑርዬ ዞረ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም።

"ስሜን ንገረው" አለ።

ኑርዬ የመኪናዋን በር ተደገፈ። ግን ምን ያድርግ? ሹሙ ቆሞ ይጠብቃል።

"ሰላሀዲን ነው ጓድ... ሰላሀዲን።"

"በቃ፣ ሰላሀዲን ቀርቷል። እሁድ ማንም አይነካውም።" ጓድ አሻግሬ መኪናዋን በጫማው ነካ አደረጋት። "ግን እንዲህ እንደዛገች አልነዳትም። መልሳችሁ ቀለም ቀቡልኝ።"

ሲመለሱ ኑርዬ ከመንገዱ ዓይኑን ላለማንሳት ይታገላል። መስኮቱ ጉም ለብሷል።

ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ አንድ ሰው መንገዱ ዳር ቆሟል።

ድንጋይ ታቅፏል። ሸሚዙ... የሰላሀዲን ሸሚዝ ነው። አቋቋሙ የሰላሀዲን ነው። መኪናዋን ሲያይ ድንጋዩን ጥሎ ሁለት እጁን አነሳ።

"ጋሼ!... ጋሼ ኑርዬ!"

"አትቁም" አለ ከጎኑ ያለው። በሹክሹክታ።

ኑርዬ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ያለ ምንም ኃይል እስከ ወለሉ ወረደ። እንደገና ረገጠ። ባዶ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ይዛ በረረች። በስፖኪዮው መስታወት ወንድሙ ከኋላ ሲሮጥ ያያል... አፉ ሲከፈት ያያል... ድምፁ ግን አይደርስም።

ከዚያ ጠመዝማዛው ጋረደው።

ሜዳው ላይ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ኑርዬ መሪውን አዙሮ ወደ ኋላ ከነፈ። ዳገቱን ወጣ። ወርዶ ጮኸ፤ ገደሉን አየ፤ "ሰላሀዲን! ሰላሀዲን!" እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ተጣራ።

ማንም የለም። አስፋልቱ ላይ ያ ድንጋይ ብቻ።

ከመኪናዋ ውስጥ፣ በወንድሙ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦

"እዚህ ነኝ። እንሂድ... እናቴ ትጠብቃለች።"

ምን ይበላት? ለኑርሀያት ምን ብሎ ይግባ? ወደ መሪው ተመለሰ።

ሐይቅ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። እናቱ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ያ ሁሉ ቀን እህል ያልቀመሰች ሴት፣ እንደ ልጃገረድ ሮጣ።

"ምን አሉህ? ልጄ ምን አሉህ?"

"አይወስዱትም እማ" አለ ኑርዬ። ዓይኗን ማየት አልቻለም። "አይወስዱትም።"

"አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!"

የዚያኛው ጎን በር ተከፈተ። ወረደ። ፊት ለፊቷ ቆመ።

ኑርሀያት እጇን ዘርግታ ነበር። እጇ ሳይነካው አየር ላይ ቀረ።



ከዚያ በጎኑ አልፋ ወደ መኪናዋ ሄደች። በመስኮቱ አጎንብሳ የፊቱን ወንበር አየች። ከኋላ ሄዳ ሣጥኑን አየች። ጨርቁን ገልጣ አየች። ቀና ብላ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ወደ ውጫሌ የሚወስደውን መንገድ ትመለከት ጀመር።

ከኋላዋ፣ የወረደው ሰው ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። ጫማውን አስተካክሎ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ... ወደ ቤት ገባ።