ርሆቦት ያልቆረጠችው እምቡጥ

ምናሴ ይባላል፤ ዕድሜው ዘጠኝ ነው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ከእናቱ ከፅጌ ማርያምና ከአራት ዓመት እህቱ ከርሆቦት ጋር ይኖራል።

እናቱ በረንዳው ላይ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ካክተስ ተክላለች። ካክተስ ሲባል እሾሃሙን እንዳታስቡ ልጆች። የዚህ ቅጠል እንደ ቀበቶ ረጅምና ጠፍጣፋ ነው። ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ቅጠል ለምና አምጥታ ነው የተከለችው። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ጥላ ሥር ሰቀለችው፤ ውሃ እንዳይተኛበት ባልዲውን ከሥሩ በሳችው። ዓመታት አለፉ፤ አበባ የለም። ዘንድሮ ግን አንድ ቀይ እምቡጥ አወጣ።

«ማንም እንዳይነካው! በራሱ ጊዜ ይፈካል» አለች እናቱ።

ምናሴ መጠበቅ አቃተው። ውስጡ ምን ይመስል ይሆን? ቅዳሜ እናቱ ገበያ ስትወጣ ወንበር ላይ ቆመና እምቡጡን በጥፍሩ ከፈት ሊያደርገው ሞከረ። ቀጭ! እምቡጡ ተቆርጦ መዳፉ ላይ ቀረ። ደንግጦ ወለሉ ላይ ጣለውና ወደ ቤት ሮጠ።

እናቱ ተመልሳ ወንበሩንም እምቡጡንም አየች።

«ማነው?»

«ርሆቦት ናት» አለ ምናሴ ቶሎ ብሎ።

«እኔ አይደለሁም!»

እናቷ አላመነቻትም። «ነገ ጣና ዳር ስንሄድ አንቺን አልወስድሽም። ጎረቤት ትቆያለሽ» አለቻት። ትንሿ ልጅ እስኪደክማት አለቀሰች። ምናሴ ሰማ፤ ግን እውነቱን አልተናገረም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምናሴ ሊወጣ ጫማውን ያስራል። ርሆቦት የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

«እማዬ፣ ይቅርታ። እኔ ነኝ የቆረጥሁት። አሁን ልሂድ?»

ምናሴ እጁ ቆመ። ያላጠፋችውን አጠፋሁ አለች! ጫማውን ትቶ ተነሣ።

«እማዬ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ዋሸሁሽ።»

እናቱ ርሆቦትን አቀፈቻት። «ሳላምንሽ ቀረሁ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።» ወደ ምናሴም ዞረች። «እህትህን ራስህ ይቅርታ ጠይቃት።»

«ይቅርታ ርሆቦት» አለ። «እናንተ ሂዱ፤ ጎረቤት የምቆየው እኔ ነኝ።»

ርሆቦት እጁን ጎተተችው። «እሱም ይምጣ፣ እማዬ!»

እናታቸው እሺ አለች፤ ሦስቱም አብረው ጣና ዳር ወረዱ። ካክተሱ ግን በዚያ ዓመት ሌላ እምቡጥ አላወጣም።

ልጆች፣ ጥፋታችንን ራሳችን እንናገር እንጂ በሌላ ሰው ላይ አናላክክ።