እሽጉ ያልተፈታ ሳጥን

ቤቱ የለም።

ጠረጴዛው አለ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። ጀፎረውም፣ ያ በጉራጌ መንደር ከቤቶች ፊት የሚዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ከነእንሰቱ ከነአጥሩ እንዳለ ነው። መሃል ላይ ግን ክብ ባዶ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

ሊዲያ የአዳራሹን በር እንደያዘች ቆመች። አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ ፖሊስ ጠራች።

የቡታጅራ ከተማ አውደ ርዕይ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነበር። እንግዶች ከወልቂጤም ከአዲስ አበባም እየመጡ ነው። በግብዣ ወረቀቱ ላይ የታተመው ደግሞ የዚያው ቤት ፎቶ ነው።

ኢንስፔክተር አዛለች ሳትዘገይ ደረሰች። ጎጃም ተወልዳ በሥራ ምደባ ቡታጅራ የመጣች፣ ልጆቿንም እዚሁ ያሳደገች ሴት ናት። ንግግሯ አጭር ነው። ዓይኗ አይቸኩልም።

"ምንድን ነው የተሰረቀው?"

"ቤት።"

"ቤት?"

"የጉራጌ ቤት። ከፕላስቲክ ጡብ የተሠራ።"

አብሯት የመጣው ሳጅን ሙባሪክ ሳቁን ለመዋጥ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጆች የሚጫወቱበት ሌጎ?"

ሊዲያ ቀና ብላ አየችው። "ልጆች የሚጫወቱበት አይደለም፣ ሳጅን።"

ሊዲያ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ናት። ቀን የሰው ቤት ፕላን ትነድፋለች፤ ማታ እነዚህን ጡቦች ትገጣጥማለች። በዓለም የታወቁ ሕንፃዎች የሚገጣጠሙባቸው ጡቦች በትልልቅ ሳጥን ታሽገው ይሸጣሉ፤ የፓሪሱ ኤፍል ግንብ፣ የሮሙ ኮሎሲየም፣ የሕንዱ ታጅ ማሃል። ገዢዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዱባይ የምትኖር አክስቷ ለእሷና ለወንድሟ ለኢዮብ ግንቡንና ኮሎሲየሙን ልካላቸው ነበር። ሊዲያ ግን ሁለቱንም ከፈተችና ከጡቦቻቸው የአያቶቿን ቤት ሠራች። ምሰሶው፣ ጣሪያውን የሚይዘው ወራጅ፣ የከብቱ ጉረኖ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጥቋቁር ጣባዎች ሳይቀሩ።

አዛለች በርከክ ብላ የጠረጴዛውን ሥር ተመለከተች። ወለሉ ላይ አንዲት ጡብ የለችም።

"ሙሉው እንዳለ በዚህ በር ይወጣል?"

"አይወጣም። የገጣጠምኩት እዚሁ ውስጥ ነው።"

"እንግዲያው ሌባው አልሰበረውም፤ ፈታው።" አዛለች ተነሳች። "የሚያውቅ እጅ ነው። ማን ያውቃል እንዲህ ያለ ነገር?"

ሊዲያ ለመመለስ ዘገየች። "ኢዮብ ያውቃል። ልጆች ሆነን አብረን ነበር የምንገጣጥመው።"

"ሌላስ?"

"አቶ ይድነቃቸው። ትናንት ቤቱን ልግዛው ብሎኝ ነበር።"

ተናግራ ሳትጨርስ ሰውየው በበሩ ገባ። ሽበት የጀመረው፣ ሱፍ የለበሰ የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ የእነዚህ ሳጥኖችም ሰብሳቢ ነው። አውደ ርዕዩን ሊያይ መጥቶ ከተማው ውስጥ ሆቴል ይዟል። ባዶውን ሰሌዳ ሲያይ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ።

"ሊዲያ! ምን ጉድ ነው? ምን ዓይነት ልብ ነው እንዲህ የሚያደርግ?"

አዛለች ወንበር ሳበችለት። "ቤቱን ሊገዙ ፈልገው ነበር አሉ።"

"እንዴታ! ትናንት ታጅ ማሃል ከነእሽጉ ልስጥሽ፣ ቤቱን ስጪኝ አልኳት። እምቢ አለች። መብቷ ነው።"

"ታጅ ማሃሉ ያን ያህል ይወደዳል?"

ሰውየው ዓይኑ በራ። የሚወደው ጥያቄ ነው። "ኢንስፔክተር፣ ፋብሪካው አንዱን ዓይነት ማምረት ሲያቆም ዋጋው መውጣት ይጀምራል። ያልተከፈተ ከሆነ ደግሞ ከተገዛበት ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሚስጥሩ እሽጉ ነው። አንዴ ከተከፈተ አለቀለት! የሳጥኑ ጠርዝ ከተጨፈለቀ እንኳ ሰብሳቢ ፊቱን ያዞርበታል። እኔ እንዲህ ያለ ሳጥን ስይዝ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ የደህንነት ቀበቶ አስርለታለሁ። እንደ ልጅ!"

ሙባሪክ ፈገግ አለ። አዛለች ፈገግ አላለችም።

"መኪናዎን ብናይ ቅር ይልዎታል?"

"ደስ ይለኛል እንጂ።"

መኪናው በር ላይ ቆሟል። የኋላ ዕቃ መጫኛው ሲከፈት የበርበሬ ጆንያ ታየ። ከጆንያው ሥር ትልቅ ሳጥን አለ፤ ነጭ ጉልላት የተሣለበት። መክፈቻው በስስ ፕላስተር ታሽጓል።

ሙባሪክ እጁን ሲዘረጋ ይድነቃቸው ክንዱን ያዘው። "ወንድሜ፣ በፈጠረህ! ታጅ ማሃሉ ነው። ከከፈትከው ዋጋውን ገደልከው፤ ማን ይከፍለኛል?"

አዛለች ሳጥኑን ለአፍታ አየችው። በእጇ ምንም ማስረጃ የለም። ያልበደለን ሰው ንብረት ማበላሸት ደግሞ አትወድም።

"ይዝጉት። ስልክ ቁጥርዎን ግን ለሳጅን ይስጡ።"

ሰውየው ወደ ሆቴሉ ተመለሰ።

የአዳራሹን ዘበኛ ጋሽ ገብሬን አዛለች ማደሪያው ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

"ጋሽ ገብሬ፣ ማታ ማን ገባ?"

"ዝናቡ ወረደ፣ እመቤቴ። ማደሪያዬ ውስጥ ተጠለልኩ።"

"ከዝናቡ በፊትስ?"

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። "ኢዮብ ነው። ቁልፍ ስጠኝ አለኝ፣ ሰጠሁት። የእኅቱ ሥራ ነው ብዬ። ዝናቡ ሲያባራ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።"

ሊዲያ ሰማች። ፊቷን አዞረች።

ወዲያው ሌላ ወሬ ደግሞ መጣ። ራምዚ የሚባል ባለ ባጃጅ በማለዳ ክብ ነገር በሸራ ሸፍኖ ሲበር ታይቷል። ሙባሪክ ተከትሎ ያዘው፤ ሸራውን ገለጠው። የሠርግ ኬክ ነው። ራምዚ "ሳጅን፣ ክሬሙን ነካኸው እኮ፤ ሙሽራዋ ትገድለኛለች!" ብሎ ጮኸ።

ኢዮብ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። አዛለች ከሙባሪክ ጋር ስትገባ ሚስማር እየመዘነ ነበር።

"ማታ የት ነበርክ?"

"እዚሁ ሱቄ።"

"አዳራሹ ጋ አልሄድክም?"

"ምን ልሠራ?"

"ከእኅትህ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።"

"ሁለታችን የተቀበልነውን ግንብ ሳታማክረኝ ከፈተችው። እሽጉ ቢቆይ ዋጋው የት በደረሰ! ነጋዴ ነኝ፣ ተናደድኩ። ከፋሲካ ወዲህ አልተነጋገርንም። ይሄ ወንጀል ነው?"

"አይደለም። መዋሸት ግን ጥሩ አይደለም። ጋሽ ገብሬ ቁልፍ ሰጥቶሃል።"

ሚዛኑ ላይ ያለው እጁ ቆመ።  ከዚያ ድምፁ ወረደ።

"ላየው ነው የሄድኩት። ከሰው ጋር ቆሜ ማየት አፈርኩ። ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ እኔ ወንድሟ ግን አላየሁትም። ገባሁ። ኢንስፔክተር፣ ጎንበስ ብዬ በበሩ ወደ ውስጥ ሳይ የአያቴ ቤት ነው! ምሰሶው ላይ እጃችንን የምናሳርፍባት ቦታ ሳትቀር ሠርታታለች። አለቀስኩ።"

"ከዚያስ?"

"አቶ ይድነቃቸው መጣ። ፎቶ ላንሳ፣ ለውጭ ሰብሳቢዎች ላሳይ አለኝ። የአዲስ አበባ ሰው የእኅቴን ሥራ ሲያደንቅ ደስ አለኝ። የሲሚንቶ መኪና ደርሷል ተብዬ ስጠራ ቁልፉን ለእሱ ሰጥቼው ሄድኩ። ስትጨርስ ሚስማሩ ላይ ስቀለው አልኩት።" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ጠዋት ስሰማ ለሊዲያ ምን ብዬ ልንገራት? ቤትሽን ያስረከብኩት እኔ ነኝ ልበላት?"

 የአዛለች ሐሳብ ግን የይድነቃቸው መኪና ኋላ ላይ ነበር።

ሳጥኑን እንደ ልጅ በቀበቶ የሚያስር ሰው። ጠርዙ እንዳይጨፈለቅ የሚሳሳ ሰው። ይህ ሰው ታጅ ማሃሉን የበርበሬ ጆንያ ጫነበት?

"ሙባሪክ! ሆቴሉ ጋ ደውል።"

ሙባሪክ ደወለ። ፊቱ ተለወጠ። "ሂሳብ ዘግቶ ወጥቷል፤ ወደ አዲስ አበባ ነው ያሉት።"

"ለቡኢ ትራፊክ ፖሊስ ንገር፤ ከተማዋን ሳያልፍ ያስቁሙት። እኛም ሄድን።"

ቡኢ ሲደርሱ መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። ይድነቃቸው ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ይከራከራል። አዛለችን ሲያይ ኮቱን አስተካከለ።

"ኢንስፔክተር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?"

"የኋላውን ይክፈቱልኝ።"

"አይተውት የለም እንዴ?"

"አይቼዋለሁ። ያየሁት ነገር የገባኝ ግን አሁን ነው።"

ጆንያው ወረደ። የሳጥኑ አንድ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገብቷል። አዛለች ጣቷን አሳረፈችበት።

"ተጨፍልቋል፣ አቶ ይድነቃቸው።"

"መንገዱ… መንገዱ ነው።"

"የኋላ ወንበርዎ ባዶ ነው። ቀበቶውም አለ። ጠዋት ሳጅን ሊነካው ሲል ክንዱን ያዙት። ጆንያው ሲጫነው ግን አላዘኑለትም። ለሳጥኑ አይሳሱም ማለት ነው። የሚሳሱት ለውስጡ ነው።"

ሰውየው የተጨፈለቀውን ጠርዝ በመዳፉ ሸፈነ።

"ይክፈቱት።"

"ዋጋው…"

"ዋጋው ትናንት ማታ ሞቷል። የከፈቱት እርስዎ ራስዎ ነዎት።"

ሙባሪክ ፕላስተሩን ቀደደ። በፎጣ የተጠቀለሉ ነገሮች ወጡ። የመጀመሪያውን ፈታው። ክብ ግድግዳ፣ በስምንት ተከፍሎ። ሁለተኛው ወራጆች። ሦስተኛው ምሰሶው። አንዲት ጡብ አልተሰበረችም። ከሹፌሩ ወንበር ሥር ደግሞ የታጅ ማሃሉ ጡቦች በላስቲክ ከረጢቶቻቸው እንዳሉ ተገኙ።

ይድነቃቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ለምን?" አለች አዛለች። "ገንዘብ አያጥርዎትም።"

"ገንዘብ አይደለም።" ድምፁ ተሰብሯል። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሥራ ነው የሰበሰብኩት። አንድም የራሴ የለኝም። ውጭ አገር ያለ ፋብሪካ የሰብሳቢዎችን ንድፍ ያወዳድራል፤ ያሸነፈው በሳጥን ታሽጎ ከነሠሪው ስም ይወጣል። ከአራት ማዕዘን ጡብ ክብ ጣሪያ መሥራት ስንት ዓመት ሞከርኩ! እሷ አንድ ጡብ ሳትቆርጥ ሠራችው። ምሥጢሩ ውስጡ ነው፤ በፎቶ አይታይም። ምሰሶውን ነቅዬ ወራጆቹ እንዴት እንደተያያዙ ማየት ነበረብኝ።"

"አይተውስ?"

"አየሁ።" ቀና አለ። "ወራጆቹ ሁሉ ምሰሶው ላይ በማጠፊያ ተንጠልጥለዋል። ልክ እንደ እውነተኛው ቤት። እኔ ጣሪያውን ከታች ነበር የምጀምረው።"

"በእርስዎ ስም ሊያስገቡት ነበር?"

"አዎ።"

አዛለች ለሙባሪክ ምልክት ሰጠችው። ካቴናው ጠቅ አለ።

ሊዲያ ፎጣዎቹን አንድ በአንድ ስትፈታ አዳራሹ በሰው ሞልቷል። አውደ ርዕዩ በጊዜው አልተከፈተም፤ እንግዶቹ ግን አልሄዱም።

አዛለች ጠጋ አለቻት። "ሰውየው እሽግ የማይፈታ ሰው ነበር። ያንቺን ቤት ለመደበቅ ሲል ታጅ ማሃልን ከፈተው። ይህን ማወቅ አለብሽ ብዬ ነው።"

ሊዲያ የያዘችውን ፎጣ አስቀመጠች። ከዚያ ከትከት ብላ ሳቀች፤ ከጠዋት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኢዮብ ከሕዝቡ ኋላ ቆሟል። ሁሉንም ነግሯታል፤ ቁልፉንም፣ ዕንባውንም። እሷ እስካሁን አልመለሰችለትም። አሁን ዞር ብላ አየችው።

"ምን ትገተራለህ? ምሰሶውን ያዝልኝ እንጂ።"

ሰው እየገፋ መጣ። ምሰሶውን ያዘ። ወራጆቹ አንድ በአንድ ተሰቀሉ፤ ጣሪያው እንደ ዣንጥላ ተዘረጋ፤ ክቡ ገጠመ። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት የወልቂጤ አሮጊት እልል አሉ፤ አዳራሹ ተቀበላቸው። ጎጃሜዋ አዛለችም እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል ስትል ሙባሪክ አያት።

ሊዲያ ምሥጢሩን አልደበቀችም። ለውድድሩም ራሷ ላከችው፤ የአሠራሩን መጽሐፍ ስሟን ጽፋ አሳተመች። መልሱን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፤ ጡብ እያስመጣች ቤቱን በሳጥን አሽጋ መሸጥ ጀመረች። ሳጥኑ ላይ "የጉራጌ ቤት፣ ቡታጅራ" ይላል። ዋጋውን የተመነው ኢዮብ ነው። "ከፓሪሱ ግንብ አንድ ብር አይጎድልም" ብሎ ክችች አለ። ሊዲያ በዛ ብትለው፣ "ዝም በይ፤ ዋጋ የኔ ሥራ ነው" አላት።

አንድ ቀን ሱፍ ለባሽ መንገደኛ የኢዮብ መደብር ገብቶ ሳጥኑን አገላበጠ። ዋጋውን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ይሄ ሁሉ? ለጎጆ ቤት?"

ኢዮብ ደረቱን ነፍቶ እጆቹን አጣመረ።

"ለጎጆ ቤት!" አለ።