አሥራ ሁለቱ እርከኖች

የጋሽ አምባዬ አስከሬን ሰኞ ጠዋት ከአሜሪካዋ ሎረንስቪል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው አሮጌ ድልድይ ሥር ተገኘ። ድልድዩ ከተሠራ መቶ አሥር ዓመት አልፎታል። ከምሰሶው ላይ ቁልቁል ከተተከሉት አሥራ ሁለት የብረት መወጣጫ እርከኖች ከላይ አምስተኛው ተሰብሯል።

የሚሠሩበት የድልድይ ፍተሻ ኩባንያ «ሽማግሌው ረቡዕ ዕለት ራሳቸው ፈትሸው ‹ደህና ነው› ብለው ፈርመዋል፤ ጥፋቱ የራሳቸው ነው» አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ ይህን ከሰሙ ወዲህ ለቀስተኛን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። የሥራ አደጋ መርማሪዋ ተናኘወርቅም ለቅሶ ቤት ገብታ ሰው መጠየቋ አሳፈራት፤ ግን ጠየቀች።

የፍተሻውን ፎርም የሞላችው የሥራ ባልደረባቸው ሰሎሜ ናት።

«ረቡዕ ዕለት ማን ሲፈትሽ አየሽ?»

«አላየሁም። እኔ ታች ወንዙ ዳር ነበርኩ፤ ምሰሶው ይጋርደኛል። መዶሻው ብረቱን ሲመታ እየሰማሁ ቼክ አደርጋለሁ። አሥራ ሁለቴ ሰማሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጥርት ያለ የደህና ብረት ድምፅ።»

«ሹፌሩ ታዲዮስስ?»

«መኪናውን ፓርክ እያደረገ በስልክ ያወራኝ ነበር። ላይ የነበሩት ጋሼና መሐንዲሱ ናትናኤል ናቸው። ጋሼ ቢሮ ሲፈርሙ ‹ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የጮኸው?› ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ።»

ናትናኤል ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የፈተሹት ጋሼ ናቸው» አለ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው መቼም ሳይወቅስ አያርፍም።

ተናኘወርቅ በገመድ ወርዳ እርከኖቹን አንድ በአንድ አየች። በማግስቱ ወይዘሮ ፀሐይነሽንም ጨምራ ሁሉንም ድልድዩ ላይ ሰበሰበች።

«ወደ ውሃው የቀረበ ብረት ቀድሞ ይበላል» አለች። «አሥራ ሁለት እርከን ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ዓይነት ድምፅ አያወጣም። የመጀመሪያው ላይ ብዙ የመዶሻ ጠባሳ አለ፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ወደ ታች ግን ዝገቱ አልተነካም። ረቡዕ ዕለት የተመታው አንዱ እርከን ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ።»

ወደ አራተኛው እርከን ጠቆመች።

«ታዲዮስ መኪና ውስጥ ነበር። ጋሽ አምባዬ የፈተሹትን ሁሉ በጠመኔ ክብ ያደርጉበታል፤ ክቡ አራተኛው ላይ ያበቃል፣ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ተሰብሮ ወደቁ፤ ጠመኔውም ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል። ረቡዕ ፈትሸው ቢሆን ኖሮ እሑድ ብቻቸውን ለምን ተመልሰው ይመጣሉ?»

ናትናኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ከፍታ እፈራለሁ» አለ። «የድልድይ መሐንዲስ ሆኜ ይህን ለመናገር አፈርኩ። ጋሼ ማዶ ሄደው ሳለ ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ብቻ መታሁ። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ‹ልጄ፣ ሁሉንም ነክተሃል?› አሉኝ። ‹አዎ› አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝና ሄዱ።»

«አምባዬ ገመድ የሚይዝለት ሰው ለምን አላስከተለም?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

ተናኘወርቅ መልሱን ለመናገር ከበዳት። «ሌላ ሰው ካወቀ ናትናኤል ያፍራል ብለው ነው።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወደ ናትናኤል ዞሩ። ባላቸው ጥፋተኛ አለመሆኑን ሰምተዋል፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ምነው ባሳፈረህና ቤቱ በገባ፣ ልጄ» አሉት።