መስመር የሌላት ሳህን

«የእናንተ መስመር የት ሄደ?» አለ ወጣቱ የባዮሎጂ መምህር፣ ጠፍጣፋዋን የመስታወት ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ።

ሚጣ አንገቷን አስግጋ አየች። እውነትም መስመር የለም። የሌሎቹ ሳህን ሁሉ መሃሉ ላይ ጥርት ያለ ቀጭን መስመር አለው፤ የእሷና የጓደኛዋ የቀጮ ግን ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነው። ጉድ ፈላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው የየቤታቸውን ሲንክ ቀዳዳ በጥጥ ጠርገው አመጡ። መምህሩ ከየጥጡ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ለይቶ በአንድ ሳህን ላይ የአንዷን በግራ፣ የሌላዋን በቀኝ ጠብ አደረገላቸው። ይህ ባክቴሪያ መንጋ ሆኖ ይጓዛል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጓዛል፤ ባረፈ ቁጥር ቀለበት ይሠራል። ሲያዩት ጠጠር የተወረወረበት ኩሬ ይመስላል። የሁለት ቤት መንጋዎች ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ግን ብዙውን ጊዜ አይቀላቀሉም፤ መሃላቸውን ባዶ ትተው ይቆማሉ። የአንድ ቤት ከሆኑ ዘው ብለው ይዋሃዳሉ። አለቃ የላቸው፣ አዛዥ የላቸው፤ ዘመድና ባዳ መለየቱን ግን ያውቁበታል።

«ሁለታችሁ አንድ ቤት ነው እንዴ የምትኖሩት?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«እህትማማች ነን እኮ ቲቸር!» አለች ቀጮ። ቀልድ መሆኑ ነው፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

«ከእረፍት በኋላ እውነቱን ትነግሩኛላችሁ። ያጭበረበረ ለውድድሩ አያልፍም።»

ሚጣ ዓመቱን ሙሉ ስታልም የኖረችው ይህንኑ የሳይንስ ውድድር ነው። ደወሉ እንደተደወለ ቀጮን ጎትታ ደረጃው ሥር ወሰደቻት።

«ባለፈው ልናጠና ስትመጪ ከኛ ሲንክ ነው የጠረግሽው፣ አይደል? ምን ሆነሽ ነው? እናንተ ቤት ሲንክ የለም?»

«በናትሽ ቀስ በይ።»

«አልልም! ተበላን እኮ!»

ቀጮ ጥፍሯን ነከሰች። «እኛ ቤት ልጠርግ ጎንበስ ብዬ ነበር» አለች። «አቃተኝ። ባክቴሪያው መስታወት ውስጥ አድጎ፣ ሁላችሁም ከባችሁት ‹አቤት ሲያምር!› ስትሉ ታየኝ። ማሙሽን የገደለው ቢሆንስ?»

ማሙሽ ትንሹ ወንድሟ ነው። ባለፈው ወር ተቅማጥ አጣድፎት ሞተ።

«ሐኪሙ ከውኃው ሳይሆን አይቀርም ብሏል። የዛን ቀን ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።»

የሚጣ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። ‹ይሄኛው ባክቴሪያ ሌላ ነው› ልትላት አፏን ከፈተችና ተወችው። እሷስ ምን ታውቃለች? ከቀብሩ ወዲህ እነቀጮ ቤት ድርሽ አላለችም። ምን ብላ እንደምታጽናና ጨንቋት ዛሬ ነገ ስትል ወሩ አለቀ። ይህ ሲታሰባት በራሷ አፈረች።

ክፍል ሲገቡ ሚጣ ቀድማ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁለቱንም ጥጥ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም ከኛ ቤት ነው።»

መምህሩ ትክ ብሎ አያት። «ከአንቺ አልጠበቅኩም» አለ፤ ሁለቱንም ከውድድሩ አስወጣቸው። ከውድድሩ ይልቅ ያቺ ቃል አንጀቷን አሳረረችው።

ከትምህርት ሲወጡ ቀጮ ምስጋና የሚባል ነገር አልወጣትም። «ማን ዋሺልኝ አለሽ?» ብላት መንገዷን ቀጠለች። ሚጣ ተከተለቻት።

«ወዴት ነው?»

«እናንተ ቤት።»

«እንዳትመጪ!»

መጣች። በሩን የከፈቱት የቀጮ እናት ናቸው። ከስተዋል፤ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። «ጠፋሽብን እኮ ልጄ» አሉና ሳሟት። ወቀሳ እንኳ የለበትም፤ የባሰው ያ ነው። አስቀመጧትና ውኃ በብርጭቆ ይዘው መጡ፤ ማሰሮውንም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ነው፣ አይዞሽ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ቀጮ በሩን ተደግፋ ብርጭቆው ላይ አፍጥጣለች። ሚጣ ተቀበለችና አንድ ጊዜ እንኳ ሳትተነፍስ ጨለጠችው። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ጓደኛዋ ዘረጋች።

«አሁን ደግሞ አንቺ ቅጂልኝ» አለቻት።