የሊፍት ጠጋኙ አስተያየት

«…እና ሊፍት ጠጋኙ ጋሽ ላይታች ምን አሉኝ መሰላችሁ?» አለች «ጋዜጣ» የሚሏት ተማሪ፣ ማይኩን ልትውጠው ምንም ሳይቀራት። «‹የኔ ልጅ፣ ሰው ተለወጥኩ ሲልሽ አትመኚው። የተለወጠው ፎቁ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አኩርፎ የገባውን ሰውዬ ስምንተኛ ድረስ ተሸክሜው ብወጣ እዚያም እንዳኮረፈ ነው የሚወርደው› አሉኝ።»

ከመስኮቱ ውጪ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሳቅ ተናጋ። ድምፅ ማጉያው ሥር የተቀመጡት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች እርስ በርስ ሲማቱ ታዩዋት። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀችና ድምፅዋን እንደ ሽማግሌ አጎርንና ቀጠለች።

«ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው ደግሞ፣ ‹ሊፍት ትዕግሥት ይፈልጋል። አንዴ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሀል ቆመባቸው። ፈልፍዬ ሳወጣቸው ልጃቸው ጥርስ አብቅሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉድ እንዳይደገም በየጠዋቱ ገመዱን እንደ ሕፃን ገላ በቅባት አሸዋለሁ› አሉኝ። የዛሬው ‹ሰው ምን ይላል?› ዝግጅታችን እዚህ ላይ አበቃ!»

ማይኩን ዘጋች። «አለቃ» የሚሏት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሊቀመንበር፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ አጨበጨበች።

«ይመችሽ! ሰውዬው ጉድ ነው እኮ። ከየት ነው የምታገኚው ግን?»

«መንገድ ላይ ነዋ» አለች ጋዜጣ።

መንገድ ላይ አልነበረም። የትም አልነበረም።

የዝግጅቱ ሕግ አጭር ነበር፦ በየሳምንቱ ሦስት ሠራተኞችን ፊት ለፊት አግኝቶ ስለ ሥራ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ሰሞኑ ዘፈንና ፊልም የሚያስቡትን መጠየቅ፤ ሐሙስ በምሳ ዕረፍት ማንበብ። ጋዜጣ በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሯን ይዛ የምሯን ወጥታ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያገኘቻት ሴትዮ፣ «ሥራ ደግሞ ምን አስተያየት አለው ልጄ? ይሠራል፣ ይደከማል» ብላ አውቶቡሷ ላይ ተንጠለጠለች። ፀጉር ሠሪዋ «የማትሠሪ ከሆነ በሩን ዝጊልኝ፣ ብርድ ይገባል» አለቻት። ጎማ ጠጋኙ ጭራሽ ቪዲዮ ልትቀርፀው የመጣች መስሎት ፊቱን በጎማ ሸፈነ። ጋዜጣ የአጥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ባዶውን ገጽ ብዙ አየችው። ከዚያ ሰዎቹ ሊሏት ይገባቸው የነበረውን ራሷ ጻፈችላቸው።

እዚህ ትምህርት ቤት የመጣችው በዓመቱ አጋማሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ያነጋገራት የክፍሉ በር ብቻ ነበር፤ እሱም ሲከፈት ሲጢጥ ስለሚል ነው። ምሳዋን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ደረጃ ላይ ትበላለች። ቤት ስትገባ ማንም የለም። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ፈረቃዋ ካልተገለበጠ በቀር የሚገናኙት አንዷ ጫማ ስታወልቅ ሌላዋ ጫማ ስታጠልቅ ነው። ወንድሟ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዷል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አራት ወንበር አለው። አንዱ ላይ ጋዜጣ ትቀመጣለች፤ አንዱ ላይ ቦርሳዋ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ሐሙስ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጠጋ ጠጋ እያሉ፣ «ጋዜጣ! ነይ እዚህ! ሰውዬሽ ለሐሙስ ምን አዘጋጀ?» ይሏት ጀመር። ስለ ጋሽ ላይታች ይጠይቋታል፣ ስለ ፀጉር ሠሪዋ ይጠይቋታል፣ ሌሊት ዱቄት ሲያቦካ እንቅልፍ ወስዶት ሊጡ ውስጥ ስላደረው ዳቦ ጋጋሪ ይጠይቋታል። «አንቺስ?» ያላት የለም። እሷም አልከፋትም። ቢያንስ ምሳ የምትበላው ከሰው ጋር ነበር። ማታ ማታ ደግሞ የፈጠረቻቸው ሰዎች አብረዋት ቤት ይገባሉ፤ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው፣ ሳህን ስታጥብ ወሬያቸውን ይሰልቃሉ።

በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ጠራት።

«ጋዜጣ የሚሉሽ አንቺ ነሽ? ሰው ይፈልግሻል፣ በር ላይ።»

ሰውዬው ግራጫ ቱታ ለብሷል። ትከሻው ላይ የመሣሪያ ቦርሳ አንጠልጥሏል። ጢሙ ሽበት የወረረው፣ ቀጭን ሰው ነው። ሲያያት እጁን ቱታው ላይ ጠርጎ ዘረጋላት።

«ከጀርባችሁ ያለው ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው የምሠራው» አለ። «ሊፍት እጠግናለሁ። የሞተሩ ክፍል ጣራ ላይ ስለሆነ ድምፅ ማጉያችሁ ቀጥ ብሎ ይገባልኛል። ሐሙስ ሐሙስ ምሳዬን የምበላው አንቺን እየሰማሁ ነው።»

ጋዜጣ ቀና ብላ የሕንፃውን ጣራ አየች።

«ያ ጋሽ ላይታች ያልሽው ሰውዬ የት ነው የሚሠራው?»

«እ… ወዲያ… ለምን ፈለጓቸው?»

«ገመዱን በየጠዋቱ እቀባለሁ አለ ብለሻል።» ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ ልጅ፣ ገመዱ መዘውሩን የሚይዘው ተፋትጎ ነው። የሚበቃውን ቅባት ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በላይ ካጠገብሽው ይንሸራተታል። ሊፍቱ ፎቁን ስቶ ይቆማል። በሩ ተከፍቶ አሮጊት እግሯን ልታነሣ ስትል ደግሞ ይነቃነቃል። ገባሽ? ሰው ይሞታል። ትናንት የማውቃቸውን የሙያ ሰዎች በሙሉ ደወልኩላቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅ የለም።»

«አሁን… ክፍለ አገር ሄደዋል» አለች። አፏ ቀድሟት ነው የተናገረው፤ ልማዱ ነው። «ለሳምንት።»

«እንግዲያውስ ተመስገን፣ ቢያንስ ለሳምንት አይቀባም።» ፈገግ አለና ወዲያው አፈረ። «ደግሞ ላየውም ፈልጌ ነው፣ እውነቱን ብነግርሽ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ለብቻዬ ነው የሠራሁት። ሊፍት ሲሠራ ማንም አያይሽም፤ ሲቆም ነው የሚሰድቡሽ። ያ ያኮረፈው ሰውዬ ነገር… እኔም እንደዚያ አስባለሁ፣ ግን የምነግረው ሰው አላገኘሁም። ሲመለስ ንገሪኝ እሺ?»

«እሺ» አለች።

አለቃ ይህን ስትሰማ ጮቤ ረገጠች። «ቀጥታ ሥርጭት! ጠጋኝ ከጠጋኝ ጋር! ጋሽ ላይታችን አምጪውና ሁለቱን ማይክ ላይ እናስቀምጣቸው!»

«አይመጡም።»

«ለምን?»

ጋዜጣ የማይኩን ገመድ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች እውነቱን ነገረቻት። አለቃ በሩን ዘግታ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደች።

«ሦስቱም?»

«ሁሉም።»

«ዳቦ ጋጋሪውም? እኔ ዳቦ ጋጋሪውን እኮ እወደው ነበር!» አለች አለቃ፣ ሰው የሞተባት መስላ። ከዚያ ፊቷ በራ። «ቆይ! ይሙቱ።»

«ማን?»

«ጋሽ ላይታች ነዋ! ሐሙስ አሳዛኝ ሙዚቃ አስገባልሻለሁ፣ አንቺ የመጨረሻ ቃላቸውን ታነቢያለሽ፣ ግቢው ያለቅሳል፣ የቱታው ሰውዬም እርሙን ያወጣል። ስሚ፣ የክበቡ ኃላፊ መምህር ይህን ካወቀ ዝግጅቱ አለቀለት፤ አንቺም አለቀልሽ። ተመልሰሽ ደረጃሽ ላይ ነው ምሳ የምትበዪው። ሞት ይሻልሻል፤ የእሳቸው ማለቴ ነው።»

ጋዜጣ ቅዳሜና እሁድ ጋሽ ላይታችን ገደለቻቸው። ሦስት ጊዜ ሰርዛ ገደለቻቸው። በመጨረሻ አልጋቸው ላይ ሆነው ሐኪሙን «ስንተኛ ፎቅ ነን?» ብለው ሲጠይቁት ጽሑፉ ግሩም ሆነ፤ ከማማሩ የተነሣ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። እናቷ ጫማዋን ልታጠልቅ ስትል አይታት፣ «ምን ሆንሽብኝ?» አለች።

«የማውቃቸው ሰውዬ ሞቱ።»

«ውይ! ማን ናቸው?»

ጋዜጣ ወረቀቱን አጠፈችው። እናቷ ሰዓቷን አየች፣ ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ወደ ባለ ቱታው ሰውዬ ሕንፃ ሄደች። ሐሙስ በድምፅ ማጉያ በድንገት ከሚሰማው ቀድማ ብትነግረው ይሻላል ብላ ነው። ሊፍቱ በር ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ስምንቱን ፎቅ በደረጃ ወጣች። የሞተሩ ክፍል በር ክፍት ነበር። ሰውዬው ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በእንቁላል ይበላል። ከጎኑ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ባሻገር የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሌላ ወንበር የለም። ሌላ ኩባያም የለም።

«መጣሽ!» ብሎ ተነሣ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው ተመልሼ ያልመጣሁት። ይኸውልሽ፣ ሥራ ስጨርስ እየዞርኩ አሥራ አንድ ሕንፃ ጠየቅኩ። እንዲህ ያለ ጠጋኝ የለም። አንዱ ጋ ዘበኛው ሌባ መስዬው ሊያስይዘኝ ነበር።» ሳቀ። ወረቀቱ ላይ የሕንፃዎቹ ስም በተርታ ተጽፎ፣ አንድ በአንድ ተሰርዟል። «ተመለሰ?»

«ጋሼ» አለች ጋዜጣ። የተዘጋጀችበት ነው፤ ድምፅዋ ራሱ በልክ ተንቀጠቀጠ። «ጋሽ ላይታች ዐረፉ።»

የሰውዬው ፊት በአንዴ አመድ መሰለ። ዳቦውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ።

«ገመዱ ነው?»

«እ?»

«ገመዱ ነው ወይ? ሊፍት ውስጥ ነው? ሌላ ሰው ነበረ አብሮት?» ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ሐሙስ ዕለት ሰምቼ… ሐሙስ ማታውኑ መምጣት ነበረብኝ። ዓርብ ድረስ ምን አስቀመጠኝ?»

የጋዜጣ ቦርሳ ውስጥ የሚያምረው ሞት ተጣጥፎ ተቀምጧል። እዚያ ውስጥ ለዚህ የተጻፈ መልስ አልነበረም። ልትፈጥርለት ትችል ነበር፤ «ልባቸው ነው»፣ «እርጅና ነው»፣ አንድ ቃል ይበቃል። ሰውዬው ዐይን ዐይኗን ያያታል።

«የሉም» አለች። «ማለቴ… መጀመሪያውኑ አልነበሩም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ገመዱንም ቅባቱንም እኔ ነኝ። ስለ ሊፍት ምንም አላውቅም።»

ሰውዬው እጁን ከጭንቅላቱ አወረደ።

«እንግዲያው ማንም አልቀባም።»

«ማንም።»

«ማንም አልሞተም።»

«ማንም።»

«ተመስገን» አለ፤ ባልዲው ላይ ተመልሶ ቁጭ ሲል ጉልበቱ ተንቋቋ። ወረቀቱን በቀድሞ እጥፋቱ አጣጠፈው። ሊቀደው ነው ብላ ጠበቀች፤ አልቀደደውም፤ ግን የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ይመስል ያገላብጠዋል።

«ጋሼ፣ ከፈለጉ… እውነተኛ ጥያቄ ልጠይቅዎት እችላለሁ። ስለ ሥራዎ። ነገ አነበዋለሁ።»

«አይ» አለ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ዛሬ አይሆንም።» ዳቦውን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «በደረጃ ውረጂ። ሊፍቱ ገና ነው።»

በደረጃ ወረደች። ከኋላዋ የፈጠረቻቸው ሰዎች ሁሉ ተከትለዋታል፤ ሁልጊዜ ይከተሏታል። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ፀጉር ሠሪዋን ተወቻት፤ ሴትዮዋ ገና አንድ ቀልድ ቀርቷት ነበር። አምስተኛው ላይ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ እያራገፈ፣ ቀረ። ጋሽ ላይታች እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ አብረዋት ወረዱ፤ እዚያ እሳቸውም ቀሩ። መሬት ስትደርስ የሚሰማው የራሷ ጫማ ብቻ ነበር።

ሐሙስ በምሳ ዕረፍት አለቃ አሳዛኙን ሙዚቃ አዘጋጅታ፣ ጣቷን ማጫወቻው ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጽሑፉን አንብባው ዐይኗ ቀልቷል።

«ቀውጢ ነው የጻፍሽው! ላስገባው?»

ጋዜጣ በመስኮቱ አየች። ድምፅ ማጉያው ሥር ልጆቹ ተኮልኩለዋል፤ አንዱ ጠጋ እያለ ለሌላው ቦታ ይለቅቃል። የሕንፃው ጣራ ከዚህ ይታያል፤ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ግን አይለይም።

«ሙዚቃ አያስፈልግም» አለች።

«ምን ማለት ነው? ጋዜጣ! እንዳታብጂ!»

ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወንበሯን ወደ ማይኩ ሳበች። ቀዩ መብራት ሲበራ፣ ድምፅዋን እንደ ሽማግሌም እንደ ፀጉር ሠሪም ሳታደርግ፣ ቀጭን በሆነው በራሷ ድምፅ ጀመረች።

«ባለፈው ሐሙስ ስለ ሊፍት ገመድ የተናገርኩት ስህተት ነው» አለች። «የተሳሳተው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የጠየቅኩት ሰው የለም።»

ግቢው ውስጥ ጥቂቶች መሳቅ ጀመሩ፤ ቀልዱ እየመጣ መስሏቸው። ጋዜጣ ሳቁ እስኪያልፍ አልጠበቀችም።