የጠፋው ሰያፍ

ሰኞ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣ ወንድሜ ታዲዮስ የትምህርት ቤቱን ደወል ሊመታ የእንጨቱ ማማ ላይ ወጣ። ማማው ወደ ጎን ተንጋዶ፣ ለደወል ከተሰቀለበት የመኪና ቸርኬ ጋር ላዩ ላይ ወድቆ ገደለው። ርዕሰ መምህር ከሆነ ገና ሳምንቱ ነበር።

ቀበሌው ወዲያው ጥፋተኛ አገኘ። ማማውን አምና የሠሩት ሽማግሌው አናጢ ጋሽ ይሥሐቅ በገመድ ታሰሩ። «ሰያፍ መትቼለት ነበር፣ ከጥግ እስከ ጥግ!» ቢሉም ማን ሰምቷቸው። በፍርስራሹ ውስጥ ሰያፍ እንጨት አልተገኘም፤ ማማውን በየቀኑ ሲያይ የኖረ ሁሉ ደግሞ ይኑረው አይኑረው አላስታወሰም።

የሒሳብ አስተማሪው አፈወርቅ ግን ተሰማ። ሹመቱን ለራሱ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው። «አራት እንጨት፣ አራቱም እኩል፣ አንዱም አልተሰበረም። የሽማግሌው ምስማር ነው የከዳው» አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንገቱን ነቀነቀ፤ ቁጥር ሲሰማ እውነት የሰማ ይመስለዋል።

ቀብሩንም አፈወርቅ አደመቀው። ቃሬዛውን በእጁ ሠራ፣ ከፊት ተሸከመ፣ ከእናታችን በላይ ጮኸ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ በእኔ በኩል ያለው እንጨት ከጓደኛው ረዝሞ የሚከተለንን ሰው ደረት ይነካ ነበር።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ፖሊስ የመጣችው ኢንስፔክተር ሸዋረጋ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተጣለውን ቃሬዛ ቆማ አየችው።

«መምህር፣ እንጨቱን ከየት አገኙት?»

«ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ፣ ሰኞ ለት ቆርጬ። ለጓደኛ ይህ ምን ይበዛል?»

«ምንም አይበዛም።»

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ፈንታን ጠየቀችው። «እሁድ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«ኧረ ማንም! መምህር አፈወርቅ ብቻ። ችግኝ ላጠጣ ብሎ።»

«ዝናብ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር እንጂ። እኔም ስቄበታለሁ።»

በማግስቱ ሁላችንንም ማማው የወደቀበት ሰበሰበችን። አራት እኩል ዱላዎች ጥግ ጥጋቸውን በአንዳንድ ምስማር አያይዛ አቆመች።

«ይህ ምንድነው መምህር?»

«ካሬ» አለ ፈገግ ብሎ።

በአንድ ጣቷ ገፋችው። ተንጋደደ።

«አሁንስ?»

«ሮምበስ።»

«ጎኖቹስ?»

«ያው እኩል ናቸው።»

«ታዲያ ምኑ ተለወጠ?»

አፈወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማዕዘኑ... ሰያፎቹም። የካሬ ሰያፎች እኩል ናቸው፤ የሮምበስ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል።»

«ስለዚህ አንዱን ሰያፍ በእንጨት ከያዝኩት ካሬው አይንጋደድም። ከነቀልኩት ጎኖቹ ሳይነኩ ይወድቃል። ጎን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ምንም የጎደለ ነገር የለም።»

የማማውን አራት እንጨቶች መሬት ላይ ወደ ካሬነታቸው አስመለሰች። ዝናብና ፀሐይ ያጠቆሩት እግሮች ላይ፣ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች፣ ተሸፍኖ የቆየ ንጹሕ ቦታ ነበር። ረጅሙን የቃሬዛ እንጨት አስመጥታ አጋደመችው። በሰያፍ ተቆርጠው የነበሩት ጫፎቹ በንጹሑ ቦታ ልክ ተኙ፤ የምስማር ቀዳዳውም ቀዳዳው ላይ ገጠመ።

«ቀዳዳው አልተቀደደም፤ ምስማሩ ቀድሞ በጉጠት ወጥቷል። ሰኞ የተቆረጠ ባሕር ዛፍም እንዲህ አይደርቅም። ቃሬዛን ማን ይመረምራል ብለህ ነው አይደል?» እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ነበር።

«እንዲነቃነቅ ብቻ ነው ያሰብኩት... ተማሪ ፊት እንዲያፍር...»

ገመዱ ከጋሽ ይሥሐቅ እጅ ተፈትቶ ወደ እሱ እጅ ዞረ።

«ጠበቀብኝ! ኧረ አመመኝ!» ብሎ ጮኸ።

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ከልቡ ያለቀሰው ያኔ ነው።